የዓለም ዋንጫው ስታዲየሞች፦ ሕንጻው ተገኝቷል፣ ሣሩስ?

የዘንድሮው የዓለም ዋንጫ ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ተጀምሮ ሐምሌ 12 በኒው ጀርሲ ይጠናቀቃል። 48 ቡድኖች 104 ጨዋታ ያደርጋሉ። ስታዲየሞቹ 16 ናቸው፤ 11ዱ አሜሪካ፣ 3ቱ ሜክሲኮ፣ 2ቱ ካናዳ ውስጥ ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ ለዚህ ውድድር ተብሎ ከመሠረቱ የተገነባ አንድም የለም።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ውድድሮች ጋር ስናስተያየው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኳታር በ2022 ከተጠቀመችባቸው 8 ስታዲየሞች 7ቱ አዲስ ነበሩ። ብራዚል በ2014 አማዞን ጫካ መሐል ባለችው ማናውስ ከተማ ውድ ስታዲየም ሠራች። የተደረጉበት ጨዋታዎች ግን አራት ብቻ ናቸው። ከተማዋ በአገሪቱ ዋና ሊግ የሚጫወት ክለብ እንኳ አልነበራትም። ከእንግዶቹ መመለስ በኋላ የቀረው የጥገና ወጪ ነው።

ሰሜን አሜሪካ ይህን ስህተት አልደገመም። ስታዲየሞቹ ቀድሞም ነበሩ፣ ሥራም አላቸው። እንዲያውም አንዳንዶቹ እጅግ ውድ ናቸው። በ2020 የተከፈተው የሎስ አንጀለሱ ሶፋይ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። የፍጻሜው ሜዳ ሜትላይፍ ደግሞ በ2010 ሲከፈት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሕንጻዎች የተሠሩት ለእግር ኳስ አይደለም። የአሜሪካ 11ዱም ስታዲየሞች የ«አሜሪካን ፉትቦል» ቡድኖች ቤት ናቸው። ስለዚህ የዚህ ዓለም ዋንጫ ትልቁ የስታዲየም ሥራ ሲሚንቶና ብረት ላይ አልነበረም። ሥራው የነበረው መሬቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ስፋት ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ወርዱ 49 ሜትር ያህል ነው። ፊፋ ለእግር ኳስ የሚፈልገው 68 ሜትር ነው። ርዝመቱም 105 ሜትር መሆን አለበት። ልዩነቱን ለመሙላት የማዕዘን ወንበሮችን ማንሳት ያስፈልጋል። ሜትላይፍ ውስጥ ብቻ 1,740 ወንበሮች ተነስተዋል። ሌሎቹም እንደየቅርጻቸው ተመሳሳይ ሥራ ጠይቀዋል። ይሄ የመሐንዲስ ሥራ ስለሆነ ገንዘብ ካለ ያልቃል።

ሣሩ ግን ሕይወት አለው። በገንዘብ ብቻ አያልቅም።

ስምንት ሜዳዎች ሣር አልነበራቸውም

ከ16ቱ ስታዲየሞች ስምንቱ በአዘቦቱ ቀን ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈባቸው ናቸው። እነሱም ኒው ጀርሲ፣ ቦስተን አጠገብ ያለው ፎክስቦሮ፣ ዳላስ፣ ሂዩስተን፣ አትላንታ፣ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ እና ቫንኩቨር ናቸው። ፊፋ ደግሞ ለወንዶች ዓለም ዋንጫ የተፈጥሮ ሣር የግድ ነው ብሏል። ከስምንቱ አምስቱ ጣሪያ ያላቸው መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል። ፀሐይ በበቂ በማይገባበት ቤት ውስጥ ሣር ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ፣ በየጥቂት ቀኑ 22 ሰው እየረገጠው፣ እንዴት ይቆያል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲፈልጉ የተጠሩት የእርሻ ምሁራን ናቸው። የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲው ጆን ሶሮቻን እና የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ትሬይ ሮጀርስ ጥናቱን መርተውታል። ሮጀርስ የሶሮቻን መምህር ነበሩ። ለዚህ ሥራም አዲስ አይደሉም። በ1994 አሜሪካ ዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ ዲትሮይት አጠገብ ባለው ጣሪያው ዝግ በሆነ ስታዲየም፣ በፖንቲያክ ሲልቨርዶም፣ ሣር እንዲገባ ያደረጉት የሚሺጋን ስቴት ባለሙያዎች ናቸው። ሣሩን ውጭ ፀሐይ ላይ፣ ስድስት ጎን ባላቸው ትላልቅ ገበታዎች አበቀሉት። ከዚያ ገበታዎቹን ወደ ውስጥ አስገብተው ጎን ለጎን ገጣጠሟቸው። አሜሪካና ስዊዘርላንድ 1 ለ 1 የተለያዩት እዚያ ላይ ነው። የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ጣሪያ ሥር ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የአሁኑ ዘዴ ከዚያ የራቀ ነው። ሣር ከእርሻ ላይ በማሽን ሲቆረጥ ሥሩ ይበጠሳል። አዲሱ ቦታ ላይ እስኪይዝ ሳምንታት ያስፈልጉታል። ከመያዙ በፊት ከተጫወቱበት እየተገለበጠ ይነሳል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ መሬቱ ላይ ፕላስቲክ ዘርግተው፣ ከላዩ ስስ አሸዋ አልብሰው፣ ሣሩን እዚያ ላይ ያበቅሉታል። ሥሩ ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው ወደ ጎን እየተጠላለፈ ይጠነክራል። በመጨረሻ ሳይቆረጥ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ መኪና ይጫናል። ሥሩ ሙሉ ስለሆነ ከተነጠፈ በኋላ ቶሎ ለጨዋታ ይደርሳል። ለተጨማሪ ጥንካሬ ጥቂት ሰው ሠራሽ ክሮች ይሰፉበታል።

የሣሩ ዓይነትም እንደየቦታው ይለያል። ሞቃት አገር ላይ ሙቀት የሚወድ የበርሙዳ ሣር ይመረጣል። ጣሪያ ሥር ባሉት ሜዳዎች ግን ዳላስም ሆነ ሂዩስተን በውጭ የሚነድ ቢሆንም፣ ቀዝቃዛ አየር የሚስማማውና በአነስተኛ ብርሃን የሚኖረው ዝርያ ነው የተመረጠው። ፀሐይን የሚተኩ ትላልቅ መብራቶች ሜዳው ላይ ይበራሉ። ግቡ ኳሷ ማያሚ ላይ የምትነጥረውን ያህል ቫንኩቨርም ላይ እንድትነጥር ነው። የተጫዋች እግርም አንዱ ሜዳ ላይ ሰምጦ ሌላው ላይ መንሸራተት የለበትም።

ይህ ሁሉ ድካም ከመጠን በላይ ሊመስል ይችላል። በ2024 የኮፓ አሜሪካ መክፈቻ የሆነውን ያየ ሰው ግን እንደዚያ አያስብም። አርጀንቲና ካናዳን አትላንታ ላይ ገጠመች። ሜዳው ሰው ሠራሽ ነበር፤ ሣሩ የተደረበው ጨዋታው ሊደርስ ሲል ነው። አርጀንቲና 2 ለ 0 አሸንፋም አሰልጣኟ ሊዮኔል ስካሎኒ ተቆጡ። እዚህ እንደምንጫወት ከሰባት ወር በፊት ይታወቅ ነበር፣ ሜዳውን የቀየሩት ግን ከሁለት ቀን በፊት ነው አሉ። ግብ ጠባቂው ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝም ሜዳውን ክፉኛ ነቀፈ። ያ ስታዲየም ከዓለማችን ዘመናዊዎቹ አንዱ ነው። ጣሪያው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያን ቀን ግን ጣሪያው ለማንም ተጫዋች ጉልበት አልጠቀመም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በ2015 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ካናዳ ውስጥ ሲደረግ ሁሉም ጨዋታ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነበር። አቢ ዋምባክና ማርታን ጨምሮ ታላላቅ ተጫዋቾች ይህ አድልዎ ነው ብለው በኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ጉዳዮች ዳኝነት አቤት አሉ። ወንዶች በእንዲህ ዓይነት ሜዳ ዓለም ዋንጫ ተጫውተው አያውቁም፣ እኛ ለምን? ነው ያሉት። አቤቱታው ውድድሩ ሳይደርስ ተነሳ፣ ሜዳውም አልተቀየረም። አሜሪካ ጃፓንን 5 ለ 2 ያሸነፈችበት የፍጻሜ ጨዋታ የተደረገው ቫንኩቨር ቢሲ ፕሌስ ላይ ነው። ዘንድሮ ያው ስታዲየም፣ ያው ጣሪያ፣ ለወንዶቹ ሲሆን ሣር ተነጥፎለታል። ያኔ አይቻልም የተባለው ይቻል ነበር ማለት ነው። በ1994 ሲልቨርዶም ላይም ተችሎ ነበር። የጎደለው ፈቃደኝነት ነው፣ ይህም መባል አለበት።

የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበርም ተመሳሳይ ጥያቄ አለው። ሰው ሠራሽ ሣር ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል ብሎ ለዓመታት ሲከራከር ቆይቷል። አሁን አባላቱ የሚሠሩበት ሜዳ ለእንግዳ ሲሆን በጥቂት ጊዜ ሣር ለበሰ። እንግዶቹ ሲሄዱ ሣሩ በብዙዎቹ ቦታ ይነሳል።

ፀሐይ፣ ጣሪያና የቴሌቪዥን ሰዓት

የመክፈቻውም የፍጻሜውም ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ተመልካች የሚመች ነው፤ ለአውሮፓም የምሽት ሰዓት ነው። ኒው ጀርሲ ላይ ግን ፍጻሜው ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ ጣሪያ በሌለው ስታዲየም ነው የሚጀመረው። ብዙ ሌሎች ጨዋታዎችም በቀትር አካባቢ ተመድበዋል።

ምን ሊመስል እንደሚችል በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ አይተናል። ሲንሲናቲ ላይ የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ተቀያሪዎች ከሙቀቱ ለመሸሽ የመጀመሪያውን አጋማሽ መልበሻ ክፍል ሆነው ተከታተሉ። ሻርሎት ላይ ቼልሲና ቤንፊካ ጨዋታቸው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በመብረቅ ስጋት ተቋርጦ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቁ። አሜሪካ ውስጥ መብረቅ በአቅራቢያ ከታየ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆም ደንብ ነው። ከዚያ በፊት በ2024 ኮፓ አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ላይ አንድ ረዳት ዳኛ በሙቀት ተዝለፍልፎ ወድቋል።

ዳላስ 9 ጨዋታ፣ አትላንታ 8 ጨዋታ ማግኘታቸው፣ ሁለቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎችም እዚያ መሆናቸው የሚገባን ከዚህ አንጻር ነው። ጣሪያ አላቸው፤ ማቀዝቀዣ አላቸው። ካንሳስ ሲቲ፣ ፊላደልፊያ፣ ፎክስቦሮና ሞንቴሬይ ይህ የላቸውም። ፊፋ በየአጋማሹ የሦስት ደቂቃ የውሃ እረፍት በሁሉም ጨዋታ ላይ እንዲኖር ወስኗል። ጥሩ ነው። ግን እረፍቱ ለተጫዋቹ ነው። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው ደጋፊ፣ ልጅ ይዞ የመጣው፣ በዕድሜ የገፋው፣ ጥላ ያስፈልገዋል። በእኔ እምነት የጨዋታ ሰዓት ሲመደብ ስታዲየሙ ጣሪያ አለው ወይስ የለውም የሚለው ከቴሌቪዥኑ መቅደም ነበረበት።

ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ጥያቄው ሙቀት አይደለም። ከፍታ ነው። የከተማዋ ስታዲየም አዝቴካ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ትፈጥናለች፣ እንግዳ ተጫዋች ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኛ ይህንን ከተማ የምናስታውሰው በ1968 ኦሎምፒክ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት ቀን ነው። አዝቴካ በ1966 የተከፈተ ሲሆን የ1970ን እና የ1986ን ፍጻሜ አስተናግዷል። የፔሌ ብራዚልም የማራዶና አርጀንቲናም ዋንጫ ያነሱት እዚያ ነው። አሁን በሦስት የወንዶች ዓለም ዋንጫ ላይ ያገለገለ የመጀመሪያው ስታዲየም ይሆናል። ከ16ቱ አንዱን ብቻ ማየት ትችላለህ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

የሚገባው ማነው? የሚከፍለውስ?

አዲስ ሕንጻ ስላልተሠራ ወጪ የለም ማለት አይደለም። ቶሮንቶ ለ6 ጨዋታ የመደበችው 380 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነው፤ መጀመሪያ ከተገመተው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስታዲየሙ ትንሽ ስለሆነ ከ17 ሺህ በላይ ጊዜያዊ ወንበሮች ተጨምረውበታል። የትኬት፣ የቴሌቪዥንና የስፖንሰር ገቢው ዋናው ክፍል ወደ ፊፋ ይሄዳል። ጸጥታና ትራንስፖርት ግን የከተሞቹ ዕዳ ነው። ቺካጎ በ2018 ገና ከጅምሩ ከአስተናጋጅነት ፉክክሩ የወጣችው ለዚህ ነው። የግብር ከፋዩን ገንዘብ አደጋ ላይ አንጥልም ብላ ነው።

ትኬቱም ከብዷል። ፊፋ መጀመሪያ ይፋ ያደረገው ዋጋ ከ60 ዶላር ተነስቶ ለፍጻሜው እስከ 6,730 ዶላር ይደርስ ነበር። ዋጋው እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍና ዝቅ የሚልበት አሠራርም ተጨመረበት። ከደጋፊዎች ከባድ ተቃውሞ በኋላ በታኅሣሥ 2025 ጥቂት ትኬቶች በ60 ዶላር ለቡድኖቹ ደጋፊዎች እንዲሸጡ ተወሰነ። ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ የሚቀመጥ ነበረ፤ ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚገባም ነበረ። ዘፈኑና ጭፈራው የሚነሳው ከካታንጋ ነው። ካታንጋ የሌለው ስታዲየም ቢሞላም ድምፁ ይቀንሳል።

ለመድረስም ቀላል አይደለም። «ቦስተን» የሚባለው ስታዲየም ከቦስተን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ሳን ፍራንሲስኮ» ያለው ሳንታ ክላራ፣ «ኒው ዮርክ» የተባለው ኒው ጀርሲ ነው። የዳላሱ አርሊንግተን ከተማ ውስጥ ሲሆን ደጃፉ የሚያደርስ ባቡር የለም። አትላንታና ሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ዕድለኛ ናቸው። በሁለቱም ከተሞች ባቡሩ ስታዲየሙ አጠገብ ያወርዳል። ሎስ አንጀለስም ፌርፋክስ ላይ ካለው «ትንሿ ኢትዮጵያ» እስከ ሶፋይ ሩቅ አይደለም።

ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ዋሽንግተን ግን ጨዋታ የላትም። በ1994 የከተማዋ አርኤፍኬ ስታዲየም 5 ጨዋታዎች አስተናግዶ ነበር። ለዘንድሮው ዋሽንግተን ከባልቲሞር ጋር በጋራ ጠይቃ በሰኔ 2022 ሳትመረጥ ቀረች። ምክንያቱ የሕዝብ ቁጥር ማነስ አይደለም። በአካባቢው የነበረው የዋሽንግተኑ ቡድን ስታዲየም አርጅቶ ስለነበር ጥያቄው የቀረበው በባልቲሞሩ ስታዲየም ላይ ተመሥርቶ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉት ለአሌክሳንድሪያና ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቅርቡ ፊላደልፊያ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ሊሎንግዌ

ይህን ሁሉ ሳነብና ስከታተል ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ዋልያዎቹ ነው። ለዚህ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባችን ውስጥ ግብጽ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ሴራሊዮን፣ ጊኒ ቢሳውና ጅቡቲ ነበሩ። ጉዟችን የተጀመረው «በሜዳችን» ተብሎ ሞሮኮ ውስጥ ነው። ግብጽንም በመጋቢት 2025 «ያስተናገድናት» ካዛብላንካ ላይ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በጥቅምት 2021 ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን ገጠምን። ከአንድ ወር በኋላ ጋናን የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየማችን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ስለነበር። በሰኔ 2022 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ውብ ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። ያን ድል ባሕር ዳር ላይ ከ50 ሺህ ሰው ጋር አለማየታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛ ስታዲየም አጥተን አይደለም። ባሕር ዳር አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ አደይ አበባ 62 ሺህ ሰው እንዲይዝ ተብሎ ተጀምሯል። ያጣነው ካፍ የሚቆጥራቸውን ነገሮች ነው፤ ደንበኛ ሣር፣ ውሃ የሚያሳልፍ ሜዳ፣ መልበሻ ክፍል፣ በቂ ፓውዛ፣ ወንበር። እነዚህ ለምረቃ ፎቶ አይመቹም። በየዓመቱ በጀት፣ በየቀኑ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። በ1962፣ በ1968 እና በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን ያስተናገደች አገር ቡድኗን ለዓመታት በሰው አገር ያንከራተተችው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን የአፍሪካ ዋንጫን እንደገና የማስተናገድ ፍላጎት እንዳለ ተገልጿል። እኔም እንዲሳካ ከልቤ እፈልጋለሁ።

ለዚያ ከሰሜን አሜሪካው ውድድር የምንወስደው ነገር አለ፣ እሱም ብዙ ዶላር አይጠይቅም። የሣሩን ጉዳይ የፈቱት የእርሻ ትምህርት ክፍሎች ናቸው። እኛም አለን። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተላኩ መምህራን እርዳታ የተቋቋመው ቴኔሲና ሚሺጋን ስቴት በሚከተሉት የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ነው። ሐዋሳ፣ ጅማና አምቦም የእርሻ ምሁራን አሏቸው። እግር ኳስ ፌዴሬሽኑና የስፖርት ሚኒስቴሩ ከነዚህ አንዱ ዘንድ ሄደው የስፖርት ሜዳ ሣር የሚያጠና አንድ ትንሽ ክፍል ቢያስከፍቱ፣ በየዓመቱ አሥርና ሃያ የሜዳ ባለሙያ ቢያስመርቁ፣ እያንዳንዱ ስታዲየም ደግሞ ቢያንስ አንዱን በቋሚ ደመወዝ ቢቀጥር፣ ውድድሩ ከመድረሱ በፊት ጊዜ አለ። የትኛው ዝርያ የባሕር ዳርን ሙቀት፣ የትኛው የአዲስ አበባን የሐምሌ ዝናብና ብርድ እንደሚችል ሊነግሩን የሚችሉት እነሱ ናቸው። ሙከራው ደግሞ ከአንድ የልምምድ ሜዳ ሊጀመር ይችላል።